የአደራው ማሰሮ

ከሳንጃ ወንዝ ማዶ፣ ሰሊጥና ማሽላ በሚዘራበት ቆላ፣ አጥር የሚጋሩ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። ጣሊያን ጎንደርን ይዞ ወደ አርማጭሆ መዝለቅ ሲጀምር ሁለቱም ጠመንጃቸውን አንሥተው ዱር ቤቴ አሉ። ሊወጡ ባሉበት ሌሊት ያላቸውን ጠገራ ብር በአንድ ማሰሮ ከተው ከአንደኛው ጎተራ ሥር ቀበሩት። አንዱ የራሱን በኩታ ቁራጭ ጠቀለለው። ሌላው፣ የጎተራው ባለቤት፣ የራሱን በፍየል ቆዳ ከረጢት ቋጠረው። ስንት ስንት እንደሆነ አልተነጋገሩም። አብረው ሊሞቱ የሚወጡ ሰዎች አንዱ በሌላው ፊት ብር መቁጠር ነውር ሆኖባቸው ነበር። "የተመለሰ ይጠብቅ። ያልተመለሰው ልጅ ሲመጣ ማሰሮው በሁለታችን ወገን ፊት ይከፈት" ብለው ብቻ ተማማሉ።

ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነፃ ስትወጣ የተመለሰው ባለከረጢቱ ነው። ባለኩታው የወደቀበት ቦታ እንኳ በቅጡ አልታወቀም። ሚስቱ ሕፃን ልጇን አዝላ ድንበር ተሻግራ ገዳሪፍ ገብታለች የሚል ወሬ ብቻ መጣ።

ባለከረጢቱ ማሰሮውን አልነካም። ዝናብ የቀረበት ክረምት መጣ፤ አንዱን በሬ ሸጦ ቤተሰቡን አበላ። በማግሥቱ ዓመት የማረሻ በሬ ከዘመድ እየለመነ አረሰ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታውጆ ጠገራው ከገበያ መውረድ ሲጀምር ሚስቱ "ኋላ የሚቀበለን እናጣለን፤ ቢያንስ የእኛን አውጥተን እንመንዝረው" አለችው። "የእኛን ለማውጣት የእርሱንም መክፈት አለብኝ" አላት፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ሊሞት ሲያጣጥርም እጇን ይዞ የነገራት ይህንኑ ነው፤ "በኩታው ያለው የእርሱ ነው፣ በቆዳው ያለው የእኛ ነው። ከዚህ በቀር ምስክር የለንም።"

ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ። ሚስቲቱ ቆብ ደፍተው እማሆይ ተባሉ። አንድ ኅዳር ላይ፣ ሰሊጡ ተወቅቶ ነጋዴው ወደ ሳንጃ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ "ከገዳሪፍ አንዲት ሴት መጥታለች፤ የባለኩታው ልጅ ናት፤ ነገ ከሽማግሎች ጋር እንመጣለን" የሚል መልእክት ደረሳቸው።

የእማሆይ ልጅ ጥሩ ሰው ነበር። ይህ ከወዲሁ ይታወቅልኝ፤ በዚህ ምሳሌ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። መልእክቱን ሲሰማ ደስ አለው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነገረው ያደገውን አደራ በእርሱ ዘመን ሊያስረክብ ነው። እናቱ ከተኙ በኋላ ኩራዝ ለኩሶ የጎተራውን ሥር ቆፈረና ማሰሮውን አወጣ። ኩታው በስብሶ ትቢያ ሆኗል። ቆዳውን ምስጥ ጨርሶታል። ብሩ ተደባልቆ ከማሰሮው ውስጥ ተከምሯል፤ ሃምሳ ሦስት ነው። ብር ነው ለማለት የሚያስደፍር መልክ ግን አልነበረውም። የሚበዛው እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀይ ዳማና ሰማያዊ የሚጫወትበት አለ፤ አልፎ አልፎ አረንጓዴ ያወጣ አለ። ከፊሉ ላይ ደግሞ ጥቁረቱ ልስልስ አይደለም፤ በአውራ ጣት ሲዳሰስ ጥቃቅን መስመር ይጎረብጣል።

ልጁ ደነገጠ። "ይህን ነው አደራ ብየ የማስረክባት? ሰው ምን ይለናል? ንጹሑን ለራሳቸው አስቀርተው የዛገውን ሰጧት አይሉንም?" ጎሕ ሳይቀድ ማሰሮውን ተሸክሞ ወደ ወንዙ ወረደ። አመድ ይዟል፣ ሎሚ ይዟል፤ አሸዋው እዚያው ነው። እያንዳንዱን በሎሚ እያሸ፣ በአመድ እየፈተገ፣ እምቢ ያለውን በአሸዋ እየፈገፈገ ነጩን መልክ አወጣለት። ያ የሚጎረብጥ መስመር ያለበት ሲገጥመው የባሰ ቆሻሻ መስሎት ከሌላው ሁሉ ይልቅ እርሱን አጠንክሮ ፈገፈገው። ፀሐይ ወጥታ አርባ ስድስቱ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ሲያበሩ እናቱ በምርኩዝ እየተደገፉ ደረሱ።

"ምን እያደረግህ ነው ልጄ?"

"አደራውን እያሳመርሁት ነው እማየ። እንደዚያ ሆኖ ለሰው አይሰጥም።"

"ኩታውስ?"

"ኩታ የለም፣ በስብሷል።"

"ቆዳውስ?"

"ምስጥ በልቶታል።"

እማሆይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ታዲያ የትኛው የማን እንደሆነ በምን ልናውቅ ነው?"

ልጁ እጁ ላይ ያለውን ብር አየና መልስ አጣ። ሳይታጠቡ የቀሩት ሰባት ነበሩ። እናቱ እነሱን ለቅመው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸው።

ሽማግሎቹ ረፋዱ ላይ መጡ፤ ከሾላው ሥር ተቀመጡ። በገበያ ቀን ከጎንደር የሚወርዱ አንድ አዛውንት ብር ሠሪም አብረው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠገራ እያቀለጡ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስለዚህም የሚያቀልጡትን ከሌላው ሰው ይልቅ አጥብቀው ያዩታል። ቡና ተፈላ፣ ምርቃት ሆነ፣ ማሰሮው ወደ መሐል ቀረበ።

"እናቴ ስትሞት የነገረችኝ የአባቴ ገንዘብ በኩታ የተጠቀለለው መሆኑን ነው" አለች እንግዳዋ። "ስንት እንደሆነ አልነገረችኝም። እሷም አታውቅም ነበር።"

"የእኔም ባል ያለኝ ይህንኑ ነው" አሉ እማሆይ።

ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጨርቁም ቆዳውም ከሌለ በምን ይለያል? ወደ ብር ሠሪው ዞሩ። "አንቱ የብር ሰው ነዎት። እስቲ ይዩልን።"

"ጨርቁ ቢበሰብስ ግድ የለም" አሉ ብር ሠሪው። "ብር የነካውን ይይዛል። ብዙ ዘመን በጨርቅ ታስሮ የኖረ ብር ላይ የጨርቁ ድርና ማግ ታትሞ ይቀራል። ቆዳ ያጠቁረዋል እንጂ መስመር አይተውበትም። አሁን ለይቼ እሰጣችኋለሁ።" እጃቸውን ወደ ማሰሮው ሰደዱ። አንዱን አወጡ፣ ገለበጡ፣ መልሰው አስቀመጡ። ሌላ አወጡ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ማን ነው ያጠበው?"

"እኔ ነኝ" አለ ልጁ።

አልተቆጡትም። ከኪሳቸው አንድ ያልተነካ ጠገራ አውጥተው ከታጠበው ጎን አኖሩና "ቅረብ፣ እይ" አሉት። "ብሩ ላይ ያለችው ይቺ ንግሥት፣ ማርያ ቴሬዛ፣ በፈረንጆች 1780 ሞተች። ብሯ ግን ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት ሲታተም ኖሯል። ቪየና ታትማለች፣ ለንደን ታትማለች፤ ጣሊያንም ሊወጋን ሲነሣ ሮም ላይ አሳትሟታል። ስለዚህ የተጻፈው ዓመት ምንም አይነግርህም፤ ፊቷም የሁሉም አንድ ነው። ይቺ አንዲቷ የት እንደኖረች፣ ከማን ጋር እንደኖረች የሚነግርህ ጥቁረቷ ብቻ ነበር።"

ልጁ ዝም አለ።

"አባቶቻችን ጠገራ ሲቀበሉ ደግሞ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያሉ፤ በዙሪያው ያሉትን ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። የራስ ጌጧንም እንዲሁ። አንዱ ከደበዘዘ አልወስድም ይላሉ። እስቲ አንተ ባጠብኸው ላይ ቁጠርልኝ።"

ቆጠረ። ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳተበት፤ ዕንቁዎቹ ተያይዘው አንድ መስመር ሆነው ነበር።

"አሸዋ ሲወስድ ጥቁረቱን ብቻ ለይቶ አይወስድም" አሉት። "ጥቁረቱ ራሱ ብር ነበር። የጭስና የቆዳ ትንፋሽ ነክቶት መልኩን የለወጠ ብር ነው። እርሱን ስታነሣ ብሩን ነው የምታነሣው።"

ይህን ጊዜ እማሆይ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ሰባቱን አኖሩ። ብር ሠሪው እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አዘንብለው አዩ። ሁለቱ ድፍን ጥቁር ናቸው። በአምስቱ ላይ ግን ከንግሥቲቱ ጉንጭ እስከ ትከሻዋ፣ ከንስሩ ክንፍ እስከ ጠርዙ፣ ጥቃቅን ክር እየተሻገረ ይታያል። ለእንግዳዋ አቀበሏት። አባቷን አይታው አታውቅም፤ መልኩ እንዴት እንደነበር የሚነግራት ፎቶግራፍም አልነበረም። የለበሰውን ኩታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

ከሽማግሎቹ አንዱ "እንግዲህ ከሰባት አምስቱ የባለኩታው ከሆነ ሁሉንም በዚያው ሒሳብ እንክፈለው" አለ። ብር ሠሪው አልተቀበሉትም። "ሰባቱ ከማሰሮው ሥር በአንድ ጥግ የነበሩ ናቸው። የጥጉን ይመሰክራሉ እንጂ የማሰሮውን አይመሰክሩም።"

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ሽማግሎቹ ሰምተውት የማያውቁት ዓይነት ሆነ። እንግዳዋ "አባቴ ድኻ ነበር፤ እናቴ ስታወራኝ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ሲበደር ነው። ግማሹን ብወስድ የእናንተን እወስዳለሁ" አለች። እማሆይም "ባሌ በሬውን ሸጦ ያልከፈተውን እኔ በስተርጅና ግማሹን ወስጄ አደራ በላ ልባል?" አሉ። አንዱ ወገን እናንተ ውሰዱ ሲል ሌላው መልሶ እናንተ ውሰዱ ይላል። የሰው የፈለገ አልነበረም፤ የራሱን መለየት የቻለም አልነበረም። ሲመሽ ሽማግሎቹ አርባ ስድስቱን ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት አድርገው ከፈሉ፤ ድርና ማግ ያለባቸውን አምስቱን ለእንግዳዋ፣ ሁለቱን ለእማሆይ ሰጡ። ሁለቱም ወገን ፍርዱን አከበረ። ሃያ ሦስቱን ግን አንዳቸውም አልሸጡትም፤ አላስቀለጡትም፤ ለልጅ ጥሎሽ አላዋሉትም። የሰው ቢሆንስ እያሉ ፈርተው እንደያዙት ኖሩ።

ከመነሣታቸው በፊት አንድ ነገር ተጨመረ። ከእንግዳዋ አምስት ብሮች በአንዱ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ነበረበት፤ ሲነካ ይረግፋል። ብር ሠሪው ለብቻው አደረጉት። "ይህን በዝናብ ውኃ ዘፍዝፊው። ውኃውን ቶሎ ቶሎ ለውጪ። ሲበቃው በደንብ አድርቂው፤ ከሌሎቹ ጋርም አትደባልቂው።"

"አይሆንም አባቴ" አለች። "የአባቴ ኩታ ያለበት ነው። አሁን ያየነውን አይተን እኛም ልንነካካው?"

"ልጄ፣ ጥቁሩ ተቀምጧል። ከተቀመጠበት አይነሣም፤ እንዲያውም ከሥሩ ያለውን ይሸፍንለታል። ይህኛው ግን አልተቀመጠም። ጨውና እርጥበት አግኝቶ በብሩ ውስጥ ያለውን መዳብ እየበላ ነው። ዛሬ ካላቆምሽው የኩታውን መስመር ራሱን ይበላዋል። አትፈግፍጊው። ጨዉን ብቻ አውጪለት።"

ምሳሌው ይኸው ነው።

ብር ሠሪው የተናገሩት በእውን ብርም የሚሠራ ነው። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ብሩ ከድኝ ጋር ሲዋሐድ ይጠቁራል። ድኙ የሚመጣው ከጭስ፣ ከቆዳ፣ ከሱፍ፣ ከእንቁላልና ከሽንኩርት ሁሉ ነው። ሽፋኑ ገና ስስ ሲሆን ወርቅማ ይመስላል፤ ሲወፍር ቀይ ዳማ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር ይሆናል። ምድጃ ሲጨስባቸው በኖሩ የአገራችን ቤቶች የኖረ ጠገራ ነጭ ሆኖ ከተገኘ ሊያስደንቀን የሚገባው ነጭነቱ ነው። መዳቡ ደግሞ የጨው ክሎሪንና እርጥበት ሲያገኝ ያን ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል፤ ያ ዱቄት ደረቅ ቦታ ካልገባና ጨዉ ካልወጣለት መብላቱን አይተውም።

ስለዚህ በእጁ ጠገራ፣ በፓሪስ የታተመ የምኒልክ ብር ወይም 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት የብር ሽልንግ ያለው ሰው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባ ትልቁ ነገር እጁን መሰብሰብ ነው። አፈር ብቻ ከሆነ በተጣራ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ሳያሹ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጫን እያሉ ውኃውን ማስመጠጥ ይበቃል። ርካሽ የፕላስቲክ አልበም የተወበትን የሚያጣብቅ አረንጓዴ ንጹሕ አሴቶን ያነሣዋል። የጥርስ ሳሙና፣ ኮካ ኮላ፣ ሎሚ በጨው፣ የወጥ ቤት መፈግፈጊያ ሁሉ ከአሸዋው ወገን ናቸው። በሙቅ ውኃ ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይልና ሶዳ የሚለው ብልሃት ጥቁረቱን ወደ ብርነት ይመልሰዋል፤ ይህ እውነት ነው። ወደ ነበረበት መልክ ግን አይመልሰውም፤ ገጹ ፈዝዞ ይቀራል፣ ድርና ማግም ቢኖርበት አይተርፍም። ለማንኪያ ይሁን። ለጠገራ አልመክርም። የጥንት ሳንቲም ሰብሳቢዎችም ይህን ስለሚያውቁ የታጠበውን ከጠቆረው አሳንሰው ይገዙታል፤ ሻጩ ደግሞ ያሳመረው ዕቃ ለምን እንደረከሰበት ሳይገባው ይመለሳል።

ወደ ኋላ ስንሄድ ጉዳቱ ይብሳል። የአክሱም ነገሥታት በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ፣ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። እንዲህ ያለ ሳንቲም ከአፈር ሲወጣ አረንጓዴና ጥቁር ለብሶ ነው፤ ወርቁ ከዝገቱ ጋር ተጣብቋል። በችኮላ የሚፈገፍገው ሰው መዳቡን ያገኛል፣ ወርቁን ከእጥበቱ ጋር ይደፋዋል።

ጎንደርም በግንቧ ይህን አይታለች። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በፋሲል ግቢ ቀደም ሲል የተደረጉ ጥገናዎች ሲሚንቶና አርማታ ገብቶባቸው ነበር። አባቶች የሠሩበት ኖራ እርጥበትን ያስወጣል፤ ሲሚንቶ አፍኖ ድንጋዩ ውስጥ ያስቀረዋል። ያን ሲሚንቶ የለሰኑትም ግንቡ እንዳይወድቅ ብለው ነው፤ እንደ እማሆይ ልጅ በቅን ልብ። ኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እየነቀሉ በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው። ሲሚንቶ ግን ተነቅሎ ይተካል። በአሸዋ የሄደ ድርና ማግ የሚተካበት መንገድ የለም።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ በየቤታችን የሚነገረው ታሪክ ነው። በአርማጭሆ የአርበኛ ወሬ የማይነገርበት ቤት ጥቂት ነው፤ ያየውና የሰማው ትውልድ ግን እያለፈ ነው። ልጆች ለመታሰቢያ ሲጽፉት፣ ለሠርግና ለተዝካር ንግግር ሲያዘጋጁት፣ ወይም ቪዲዮ ሲቀርጹት እየታጠበ ነው። ስንቅ የጎደለበት፣ ወንድም ከወንድም የተከዳዳበት፣ ሰው ፈርቶ የተመለሰበት ቦታ ይጎረብጣል፤ እርሱ ላይ ስንደርስ አጠንክረን እንፈገፍጋለን። በመጨረሻ የሁሉም አያት አንድ ዓይነት ጀግና ይሆንና ማን የማን እንደሆነ መለየት ያቅተናል። ጸሐፊውም ሆነ ልጁ ይህን የሚያደርገው ከፍቅር ነው፤ ለዚህ ነው ማንም የማይከለክለው።

ሁሉም ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። አረንጓዴውም አለ። ማን ማንን እንደገደለ ብቻ እየቆጠረ ከአባት ወደ ልጅ ደም የሚያፈላልግ ወሬ የሚቀመጥ አይደለም፣ የሚበላ ነው። እርሱን በዝምታ አልፎ "ታሪካችን ነው፣ አትንኩት" ማለት የእንግዳዋን ስሕተት መድገም ነው። ለዚህ አገሩ የራሱ ሥርዓት አለው። ሽማግሎችና ካህናት ደም ሲያደርቁ የሟቹን ስም አይደብቁም፣ የገዳዩን እጅ አይክዱም፤ ሁሉም በተነገረበት ቦታ ቂሙን ብቻ ያወጣሉ።

የሚጎረብጠውን ግን ከመፈግፈጋችን በፊት ምን እንደሆነ እንጠይቅ። የጣሊያንን የመጀመሪያ ዓመት ለወራሪው ጭነት በቅሎ ነድቶ፣ የቀረውን ዘመን ሁሉ ጫካ ሲታገል የኖረ አያት ያለው ቤተሰብ እናስብ። የልጅ ልጆቹ ያችን አንድ ዓመት ያፍሩባታልና አውጥተው ይጥሏታል፤ "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አርበኛ ነበር" ብለው ያስጽፋሉ። አያታቸው ጫካ የገባው ግን በዚያች ዓመት፣ በዚያ ጭነት አጠገብ ቆሞ ባየው ነገር ነበር።